ሙጫውን ቆጥረሃል?

«ወንድሜን በ2,500 ዓመት ጥበብ ነው የምጥለው» አለኝ አብሮ አደጌ፣ አቦሉ ሳይቀዳ።

«ጥበቡ 2,500 ዓመት ሙሉ ወንድምህን ሲጠብቅ ነው የኖረው?» አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱ ቤት ቡና እየተፈላ ነው። ጉዳዩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እናታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። አንድ ቤት ትተዋል። ታላቅየው ከነልጆቹ ይኖርበታል፣ ታናሽየው፣ አብሮ አደጌ፣ ድርሻውን ይፈልጋል። መፈለጉ ተገቢ ነው፤ ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። በዚህ አልከራከረውም። የምከራከረው ስልኩ ላይ ስለከፈተው ነገር ነው። ከሐሙሱ የጠበቃ ቀጠሮ በፊት ከጥንታዊው የቻይና የጦር መጽሐፍ፣ ከሱን ዙ «የጦርነት ጥበብ»፣ ጥቅሶች እየሸመደደ ነበር። ያን መጽሐፍ እኔ እወደዋለሁ። የምወደው መጽሐፍ የወንድም መምቻ ዱላ ሲሆን ቁጭ ብዬ ቡና መጠጣት አልሆነልኝም።

«እስቲ ይቺን ስማ» አለና አነበበልኝ። ወዳጅን ማቅረብ ጥሩ ነው፣ ጠላትን ግን ከወዳጅም አብልጦ ማስጠጋት ነው የምትለዋን።

«እሷ ከቻይና አልመጣችም።»

«ከየት መጣች ታዲያ?»

«ከሆሊውድ። ‹ዘ ጎድፋዘር› ክፍል ሁለት፣ እ.ኤ.አ. 1974። የሚናገረው ማይክል ኮርሊዮኔ ነው። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይተኸዋል?»

«ስንቴ!»

«ታላቅ ወንድሙን ምን አደረገው?»

ዝም አለ። ፊልሙን ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል፤ ጀልባዋ ሐይቁ ላይ ናት፣ ወንድምየው ዓሣ ሊያጠምድ ተቀምጧል፣ ከኋላው ገዳይ አለ።

ግን የኔ ጓደኛ በአንድ ጥቅስ የሚረታ ሰው አይደለም። «እሺ ይሄኛውስ? ጦርነት ማለት ማታለል ነው ይላል። ይሄም ፊልም ነው?»

«ይሄ የራሱ የሱን ዙ ነው። አንደኛው ምዕራፍ ላይ አለ። ሁለተኛውን ምዕራፍ አንብበኸዋል?»

«ዋናውን ሐሳብ ይዤዋለሁ።»

«መድኃኒት ስትገዛ ካርቶኑን ነው የምትውጠው?»

እውነቴን ነው። መጽሐፉ 13 ምዕራፍ ነው፤ በቻይንኛው 6,000 ቁምፊ ገደማ። በአንድ ከሰዓት ያልቃል። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅን መጽሐፍ በጥቅስ ቆራርሶ መያዝ ምን ይባላል? ሁለተኛውን ምዕራፍ ያላነበበ ሰው ደግሞ ሱን ዙን ጭራሽ አላገኘውም። እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ጀግና የለም፣ ጎራዴ አይመዘዝም። ያለው ሒሳብ ነው። አንድ ሺህ ፈጣን ሰረገላ፣ አንድ ሺህ የጭነት ሰረገላ፣ አንድ መቶ ሺህ ጋሻ ጥሩር የለበሰ ሰው፣ አንድ ሺህ ሊ (400 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚጓዝ ስንቅ፣ የእንግዳና የመልእክተኛ ወጪ። ከዚያ የሰረገላና የጥሩር ማበጃ ሙጫና ቀለም ድረስ ይወርዳል። ተደምሮ በቀን አንድ ሺህ ወርቅ። ይሄ ሁሉ እጅ ላይ ካልገባ ሠራዊቱ አይነሳም ይላል።

ሙጫውን ልብ በሉ። የጦር መሪ ተቀምጦ ሙጫ ይቆጥራል። ለምን ቢባል፣ ሰረገላ ሜዳ ላይ ሲላቀቅ አይቷል፤ ያንን ለማጣበቅ ከየቤቱ የተወሰደውንም ያውቃል። ከአገር ቤት የተጫነ እህል መንገድ ላይ አጓጓዡና በሬው እንደሚበሉት ስለሚያውቅ፣ ከጠላት መሬት የተገኘ አንድ ቁና ከቤት የመጣ ሃያ ቁና ያህል ነው ብሎ ያሰላል። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደግሞ እንደገና ይመለስበታል፤ መቶ ሺህ ሰው ሲዘምት ሰባት መቶ ሺህ ቤተሰብ እርሻውን በወጉ ማረስ ያቅተዋል ይላል። ሰባት መቶ ሺህ ጎጆ! ይህን የጻፈ ሰው ጦርነት የሚያምረው ሰው አይደለም።

«ሙጫውን ቆጥረሃል?» አልኩት።

«የምን ሙጫ?»

«የጠበቃ። የዳኝነት ክፍያ። የወራሽነት ማስረጃ፣ የቤት ግምት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የሰነድ ማረጋገጫ። ከሥራ የምትቀርበት ቀን። ምስክሮችህን የምታመላልስበት ትራንስፖርት። ይግባኝ ቢባል ደግሞ እንደገና ሀ ብለህ።»

«አሸንፌ ከእሱ አስከፍለዋለሁ።»

«ከማን? ከነልጆቹ ከቤት ካስወጣኸው ሰው?»

ባለቤቱ ጀበናውን እየከደነች ቀና ብላ አየችው። አልተናገረችም፤ አስተያየቷ ግን ከኔ ጥያቄ የበለጠ ሰላ ያለ ነበር።

«ጠበቃዬ ጠንካራ ነው» አለ። «እግድ እናወጣለን፣ እንከበዋለን፣ መውጫ እናሳጣዋለን።»

አሁን ከበባ ላይ መጣ። መጣልኝ ብል ይሻላል። ሱን ዙ ከጦር ስልት ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው ቅጥር ያለው ከተማ መክበብን ነው። መጀመሪያ የጠላትን ሐሳብ ምታ፣ ካልሆነ ከአጋሮቹ ነጥለው፣ ካልሆነ ሜዳ ላይ ግጠመው ይላል። ከተማ መክበብ ሌላ ሁሉ ሲያልቅ ነው። ምክንያቱንም ይቆጥራል፤ ጋሻና መግፊያ ጋሪ ለማዘጋጀት ሦስት ወር፣ አፈር ቆልሎ ከግንቡ እኩል ለመድረስ ሌላ ሦስት ወር። ትዕግሥቱ ያለቀበት አዛዥ ወታደሩን እንደ ጉንዳን ግንቡ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሶው ያልቃል፣ ከተማው ግን አልተያዘም። መውጫ ማሳጣትን በተመለከተማ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ግልጽ ነው፤ የከበብከው ሠራዊት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ተውለት ይላል። መውጫ ያጣ ሰው ሌላ የሚያስበው ነገር የለውም፤ እስከ ሞት ይገጥማል።

«ወንድምህ መውጫ ሲያጣ የት ይሄዳል?»

«የራሱ ጉዳይ ነው።»

«የአንተም ጉዳይ ነው እንጂ። ግንቡ ላይ የምትንጠላጠለው አንተ ነህ።»

«አንተ ግን» አለኝ ተቆጥቶ፣ «መጽሐፉን የእርቅ ሽማግሌ አደረግከው! ሰውዬው ጨካኝ ነበር። የንጉሡን ሚስቶች አንገት አስቀልቶ የለም እንዴ? ቆራጥነት ማለት እሱ ነው!»

ይህን ታሪክ ሲጠቅሱብኝ ደሜ ይፈላል፤ አልደብቅም። ታሪኩ እንዲህ ነው። የዉ ግዛት ንጉሥ ሄሉ የሱን ዙን 13 ምዕራፎች አነበበና ጥበብህን በሴቶችም ላይ ታሳየን ዘንድ ይቻላል ወይ አለው። 180 የቤተ መንግሥት ሴቶች ወጡ። ሱን ዙ ሁለት ቦታ ከፈላቸው፤ የንጉሡን ሁለት ተወዳጅ ዕቁባቶች አለቃ አደረጋቸው። ከበሮ ሲመታ ሴቶቹ ሳቁ። ደግሞ አስረዳቸው፣ ደግመው ሳቁ። ሁለቱን አለቆች እንዲሰየፉ አዘዘ። ንጉሡ እባክህ ተው ቢለው፣ ሜዳ ላይ ያለ አዛዥ የንጉሥ ቃል የማይቀበልበት ጊዜ አለ ብሎ አስገደላቸው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

አንድ ወቅት በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ይህንኑ ታሪክ በአመራር ሥልጠና ላይ ተረኩልን። አዳራሹ ሙሉ ሰው አጨበጨበ። በሳምንቱ ሁለት ልጆች ያለ በቂ ጥፋት ከሥራ ተሰናበቱ፤ የቀረነው አንገታችንን ደፍተን ሠራን። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ጭብጨባው ነው። እዚያ ከተቀመጥነው ውስጥ ራሱን በሁለቱ ሴቶች ቦታ ያስቀመጠ አልነበረም። ሁሉም ሱን ዙን ሆኖ ነው የሰማው። ሁለት ሰዎች፣ አለቅነቱን ሳይጠይቁ ተሹመው፣ ለንጉሥ መዝናኛ ሜዳ ወጥተው፣ ስለሳቁ ሞቱ። ይህ ቆራጥነት ከሆነ እኔ አልፈልገውም።

ደግሞም ታሪኩ በ13ቱ ምዕራፎች ውስጥ የለም። የጻፈው የሃን ዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን ነው፤ ሆነ ከተባለ ከ400 ዓመት ገደማ በኋላ። የዚያን ዘመን ጦርነቶች በዝርዝር የያዘው «ዙዎ ዙዋን» የተባለው ጥንታዊ ዜና መዋዕል ሱን ዙ የሚባል የጦር አዛዥ ከነአካቴው አያነሳም። በዚህ የተነሳ ሰውየው በእርግጥ ነበረ ወይ ብለው የሚጠይቁ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። መጽሐፉ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ሊንዪ ውስጥ ከሃን ዘመን መቃብር በቀርከሃ ስንጣሪ ላይ የተጻፈ ቅጂው ተቆፍሮ ወጥቷል።

«ቆይ ግን» አለች ባለቤቱ ሁለተኛውን እየቀዳች፤ «ሰውዬው እንዲህ አዋቂ ከነበረ አገሩ ምን ሆነች?»

ይህን ጥያቄ ስንት ሥልጠና ተቀምጬ አንድም ሰው ሲያነሳው አልሰማሁም።

«ጠፋች» አልኳት።

ጓደኛዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ነገርኳቸው።

ሄሉ መጀመሪያ ዙፋኑን ያገኘው በዘመዱ ደም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ515 የአጎቱን ልጅ ንጉሥ ሊያዎን ግብዣ ጠራው፤ ገዳዩ በተጠበሰ ዓሣ ሆድ ውስጥ ጩቤ ደብቆ ማዕድ ይዞ ገባ። «የጦርነት ጥበብ» የቀረበለት ንጉሥ እንዲህ ያለው ነው። በ506 ትልቋን ጎረቤቱን ቹን ወጋ። ቦጁ ላይ ድል አደረገ፤ ዋና ከተማዋን ዪንግን ያዘ። ከአዛዦቹ አንዱ ዉ ዚሹ ይባላል። አባቱንና ወንድሙን የቀድሞው የቹ ንጉሥ ገድሎበት የተሰደደ ነው። ንጉሡ ሞቶ ስለጠበቀው መቃብሩን ቆፍሮ ሬሳውን ሦስት መቶ ጊዜ ገረፈው፤ ሲማ ቺየን ነው የጻፈው።

«ሬሳ?» አለች ሴትየዋ።

«ሬሳ።»

ከዚያ የቹ መልእክተኛ ቺን ግዛት ሄዶ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ቆሞ ሰባት ቀን አለቀሰ፤ የቺን ጦር ለቹ ደረሰላት። ዉዎች ዪንግ ውስጥ ተቀምጠው ሲዘገዩ ቦጁ ላይ ጀግና የነበረው የንጉሡ ታናሽ ወንድም ፉጋይ ወደ አገር ቤት ተመለሰና ራሱን አነገሠ።

«ወንድሙ?» አለ ጓደኛዬ።

«የገዛ ወንድሙ። ሄሉ የያዘውን ከተማ ጥሎ ወንድሙን ሊወጋ ተመለሰ። ያ ሁሉ ድል በዓመቱ ባዶ ሆነ።»

አልቆመም። በ496 ሄሉ ደቡባዊ ጎረቤቱን ዩዌን ሲወጋ እግሩ ላይ ቆስሎ ሞተ። ልጁ ፉቻይ፣ የአባትህን ሞት ረሳህ ወይ እያለ የሚጠይቀው ሰው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አቆመ። በቀሉን ተበቀለ፤ የዩዌን ንጉሥ ጎውጂያንን አሸንፎ ጎንበስ ብሎ እንዲያገለግለው አደረገ። ከዚያ ታላቅነት አማረውና ጦሩን ወደ ሰሜን አዘመተ። ጎውጂያን አገሩ ሲመለስ፣ ውርደቱ እንዳይረሳው ሐሞት ይልስ ነበር ይባላል። በ473 መጣ፤ ዉን ደመሰሳት። ፉቻይ ራሱን ገደለ። ከቦጁ ድል እስከዚያች ቀን 33 ዓመት ነው።

«እንግዲያው መጽሐፉ አልሠራም!» አለ ጓደኛዬ፤ ድሉን ሊነጥቀኝ።

«ምዕራፍ 12ን ያነበበ ንጉሥ ካልነበረ መጽሐፉ ምን ያድርግ?»

ምዕራፍ 12 ስለ እሳት ነው፤ የጠላትን ሰፈርና ጎተራ እንዴት ማቃጠል እንደሚቻል፣ ነፋሱ ከየት ሲነፍስ። ወደ መጨረሻው ግን ድምፁ ይለወጣል። ንጉሥ በንዴት ሠራዊት አያስነሳ፣ አዛዥ በቂም አይግጠም ይላል። የተናደደ ነገ ሊደሰት ይችላል፤ የጠፋች አገር ግን ተመልሳ አትቆምም፣ የሞተም አይነሣም። አሁን ያለው መጽሐፍ የተጻፈው ከዉ መጥፋት በኋላ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም። እውነት ከሆነ፣ ያቺን ገጽ የጻፈው ሰው የዉን ፍርስራሽ ታሪክ እያወቀ ነው የጻፋት። ለኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። የጥቅስ ሰብሳቢዎች ስልክ ላይ ግን አንድ ቀን አይቻት አላውቅም።

ጓደኛዬ ሲኒውን አሽከረከረ። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ግን እጅ ሳይሰጥ፣ «ታዲያ ድርሻዬን ልተው?» አለኝ።

«ማን ተው አለህ? ሱን ዙም ተው አላለም። ሳትዋጋ አግኝ ነው ያለው። ለወንድምህ ለመጨረሻ ጊዜ የደወልክለት መቼ ነው?»

«ምን አገናኘው?»

«ምዕራፍ 13ን አገናኘው። ስለ ሰላዮች ነው። ጦር በቀን አንድ ሺህ ወርቅ እየበላ፣ ለዓመታት ተፋጥጦ፣ የጠላትን ነገር ለማወቅ መቶ ወርቅ የሚሰስት አዛዥ ሰብአዊነት የጎደለው ነው ይላል። ጨካኝ የሚለው እሱን ነው፤ ሳያውቅ የሚዘምተውን። አንተ ጠበቃ ይዘሃል፣ እግድ ልታወጣ ነው፣ የስልክ ካርድ ሰስተሃል።»

«እሱ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ቤቱን ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሌላ ምን ይፈልጋል?»

መልሱ ከእኔ አልመጣም። ሦስተኛው ሊደገም ጀበናው ተጥዷል፤ ባለቤቱ እሳቱን እያራገበች፣ ወደ ማናችንም ሳታይ፣ «እማማ አልጋ ላይ በነበሩበት ጊዜ» አለች፣ «ገላቸውን ያጥቡ የነበሩት እነ ወንድምህ ናቸው። አራት ዓመት። በተዝካሩ ቀን ንግግር ስታደርግ አላነሳኸውም።»

ከመጽሐፉ ሁሉ በሰው አፍ የሚዞረው ራስህንም ሌላውንም ዕወቅ የሚለው ትምህርት ነው፤ በየቢሮው ግድግዳ ተለጥፏል። ሰው ግን ሌላውን ማወቅ ሲባል ድክመቱን ማወቅ ይመስለዋል። የሌላውን ሰው ድካም፣ አራት ዓመት የተሸከመውን ነገር ማወቅም ማወቅ ነው፤ በክርክር ውስጥ ደግሞ ዋነኛው እሱ ነው። ወንድምየው ቤቱን የሙጥኝ ያለው ለግንቡና ለቆርቆሮው ላይሆን ይችላል። ያቺን አንድ ቃል እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ካልሆነም፣ ተጠይቆ ይታወቃል። አንድ ምሽት ነው የሚወስደው። ከከሰሱት ግን ቃሉም ቤቱም የሚገኘው ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ነው፤ ያኔም ቃሉ አይገኝም።

ጓደኛዬ ብዙ ቆየ። «ንግግሩን ስጽፍ ቸኩዬ ነበር እኮ» አለ። «ጋሼን ላነሳ አስቤ...» ብሎ ተወው።

ያን ሁሉ ሰዓት ወንድሙን «ጋሼ» ብሎ ሲጠራው አልሰማሁም ነበር።

ከዚያ እንደ መባነን ብሎ፣ «ሐሙስ የጠበቃ ቀጠሮ አለኝ» አለኝ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አልኩት።